ኤል ማለት ወይዘሮ ማለት ነው

ስልኬ የሚጮኸው አንድ ጥቁር ሰው ሲገደል፣ ሲሰደብ ወይም ሲሸለም ነው። በሌላ ጊዜ የሚፈልገኝ የለም። አትላንታ ያለችው አዘጋጄ ዴጃ «እትዬ ራሞና፣ ሰምተዋል አይደል?» ብላ ትጀምራለች፤ ሰማሁም አልሰማሁም እስከ ምሳ ሰዓት ጽሑፉ እንዲደርሳት ትፈልጋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ስለ ዘር፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ዘፋኞች ፀጉር፣ ስለ ፊልም ሽልማት ያልጻፍኩት የለም። ፖሊስ የገደለው ልጅ ስም ይለወጣል እንጂ ጽሑፉ ያው ነው። አንዴማ የድሮውን አውጥቼ ስሙን ብቻ ቀይሬ ብልከው ማን ያውቅብኛል ብዬ አሰብኩና አፈርኩ። አሁን አሁን ማፈሩም ደክሞኛል።

አንባቢዎቼ ግማሾቹ «አፍሽን ያዢ» ይሉኛል፤ ግማሾቹ «ስለኛ ተናገሪልን» ይሉኛል። የትኛው ያደክማል ብትሉኝ ሁለተኛው ነው። ለሰዳቢ መልስ አይጠፋኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሰኛ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። የሚያመሰግነኝ ሰው ግን ነገ ደግሞ ትናንት ከተቆጣሁት በላይ እንድቆጣለት ይፈልጋል።

ባለፈው ጥቅምት የምርጫ ክርክሩ መጣ። ለአንድ ወንበር ሦስት ሰዎች በቴሌቪዥን ይከራከራሉ። ሁለቱ ነጭ ወንዶች ናቸው፤ ሦስተኛዋ ዴልፊን ጌይንስ የምትባል ጥቁር ሐኪም ነች። አወያዩ አንዱን «ክቡር ዳኛ»፣ ሌላውን «ክቡር ከንቲባ» ሲል ቆይቶ ወደ እሷ ዞረና «እሺ ዴልፊን፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። ዶክተር አላላትም። ወይዘሮም አላላትም። እሷ ፈገግ ብላ መለሰችለት። ያንን ፈገግታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥራ ከመግባታችን በፊት መስታወት ፊት የምንለማመደው ነው። ስልኬ ወዲያው ጮኸ።

«እትዬ ራሞና፣ ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚጽፍልን የለም።»

«ሞልቷል። ስልክ ስለማያነሱ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ባዶውን ስክሪን ሳየው አረፈድኩ። የምለው ነገር አልነበረኝም። ንዴቱ እንኳ አልመጣ አለኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ ንዴቴ ነው። ኮቴን ደረብኩና አክስቴ ቤት ሄድኩ።

አክስቴን በርሚንግሃም ውስጥ በእኛ ሰፈር የማያውቃቸው የለም፤ ስማቸውን ግን የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ ፔትዌይ ናቸው። የፖስታ ሳጥናቸው ላይ «ወ/ሮ ኤል. ኤም. ፔትዌይ» ይላል፤ ቤተ ክርስቲያንም የሚታወቁት በዚሁ ነው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቴ በልጅነቴ ስትሞትብኝ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ከ«አክስቴ» ሌላ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

ባላቸው አቶ ፔትዌይ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብረት ማቅለጫ ነበር የሚሠሩት። በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንኳ «ወይዘሮ ፔትዌይ፣ ውሃ ቢያቀብሉኝ» ይሉ ነበር። ለመኮፈስ አልነበረም። የኢንሹራንስ ገንዘብ የሚሰበስበው ነጭ በየሳምንቱ ሲመጣ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚመጣው። የቤቱን እመቤት ስም አንዴ ከሰማ አለቀ፤ እናቱን የምታህለውን ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሳይል በስሟ ብቻ ይጠራታል፣ ያውም በጓሮ በር ገብቶ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰዎቻችን ስማቸውን ይደብቁ ነበር። በሁለት ፊደል ይፈርማሉ። ልጃቸውን «ሚስተር» ብለው ስም ያወጡለትም ነበሩ፤ ነጩ ወደደም ጠላም «ሚስተር» እንዲለው።

ስደርስ አክስቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከጓሮው ዛፍ የወደቀውን ቅርፊተ ጠንካራ የፒካን ፍሬ እየሰበሩ ነበር።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ የተጨመቀ ጨርቅ መስሏል።»

«ደክሞኛል፣ አክስቴ።»

«ቁጭ ብለሽ እየጻፍሽ?»

«ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ።»

«ጉድ ነው» አሉና ፍሬውን የሚሰብሩበትን መቆንጠጫ አቀበሉኝ። እሳቸው ለመብላት ብቻ ተመቻቹ።

የክርክሩን ነገር ነገርኳቸው። በጊዜ ስለሚተኙ አላዩትም። ሰምተውኝ ሲያበቁ እናቴ በቁርጥራጩ ትነግረኝ የነበረውን ታሪክ እሳቸው ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ነገሩኝ።

ወጣት ሳሉ መሃል ከተማ ከነበረ ትልቅ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ ይሰፉ ነበር። ነጭ ሴቶች ላይ ፎቅ ልብስ ይገዛሉ፤ አክስቴ ታች ያሳጥሩላቸዋል። ለፋሲካ ባርኔጣ አማራቸውና አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ላይ ወጡ። ሻጯ ደረሰኝ ላይ ልትጽፍ ስማቸውን ጠየቀቻቸው።

«ኤል. ኤም. ፔትዌይ» አሉ አክስቴ።

«ኤል ምንድን ነው?»

«ወይዘሮ ማለት ነው።»

ልጅቷ ኃላፊውን ጠራችው። ኃላፊው ስማቸውን ከደመወዝ ወረቀት ላይ ያውቀዋል። ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በስማቸው ጮኾ ተጣራ። አክስቴ ዞር አላሉም። ደግሞ ተጣራ። ባርኔጣዎቹን ያያሉ።

«ስሙ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ» አሉኝ፤ «የሚጠራው ሰው ግን እኔ አልነበርኩም።»

በዚያው ዕለት ከሥራቸው ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ተቀምጠው የመዘምራን ልብስና የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፉ ኖሩ፤ ጣቶቻቸው እስኪጎብጡ ድረስ።

«ባርኔጣውስ?» አልኳቸው።

«የቱ ባርኔጣ?»

«ሊገዙት የነበረው።»

«አስቀያሚ ነበር።»

ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቅሁት። ከዚያ «ልጻፈው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለት ፍሬ ሰብሬ አቀበልኳቸው፤ አልበሉትም።

«ጻፊው» አሉ በመጨረሻ። «ያቺ ዶክተር ልጅ ትስማው። ስሜ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም። ወይዘሮ ኤል. ኤም. ፔትዌይ። ከዚያ ሌላ አንድ ፊደል እንዳትጨምሪ።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃኝም። ቃልሽን ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። ቤቴ ገብቼ ስጽፍ ጽሑፉ በራሱ መጣ። ልጅ ሳለሁ ለምን መጻፍ እንደወደድኩ ትዝ አለኝ፤ ረስቼው ነበር። ለዴጃ ላኩት፤ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«እትዬ ራሞና፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት።»

«ደግ።»

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች።»

አዘጋጅ «ትንሽ ነገር» ሲል ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው። ተቀመጥኩ።

«በደንባችን ማዕረግ አንጽፍም፤ ያውቁታል። መጀመሪያ ላይ ሙሉ ስም፣ ከዚያ በኋላ ‹ፔትዌይ› ብቻ። ለፕሬዚዳንቱም እንደዚሁ ነው። ሁሉም እኩል ነው።»

«ፕሬዚዳንቱን ክቡርነቱን የነሳው ሰው የለም፤ አንቺ ብትወስጂበት አይጎድልበትም። እኚህ ሴትዮ በዚህች ቃል ሥራቸውን አጥተዋል። ስለዚህች ቃል በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ቃሏን ልታወጪያት ነው?»

«ይገባኛል፣ ግን ዋና አዘጋጁ ፊደል ብቻ ስናስቀምጥ የፈጠርናት ሴት ትመስላለች ይላል።»

«ዴጃ፣ እኔን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?»

«እትዬ ራሞና።»

«ለምን?»

«ራሞና ብል አያቴ በጥፊ ትለኝ ነበራ።»

«በይ አያትሽን አስቢያት።»

የእኛው ልጅ ነች፤ ሜከን በምትባል የደቡብ ከተማ ነው ያደገችው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአሮጊቶች ቁጣ ነው የተኮተኮተችው። እንዳፈረች ድምጿ ይናገራል። «ላናግረው» አለችኝ። ካልሆነ ጽሑፌን እንድትመልስልኝ ነገርኳት። «እሺ፣ እትዬ» አለች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወጣ። ዋና አዘጋጁ የቤት ግብር መዝገብ አስፈትሾ ስማቸውን አግኝቶታል። ስም አጣርቶ መጻፍ የሙያ ግዴታ ነው ብሏል አሉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሙሉ ስማቸው ያለ ማዕረግ፤ ከዚያ ወዲያ «ፔትዌይ አለች፣ ፔትዌይ ሄደች»። ርዕሱ ደግሞ የባሰ ነበር፤ የመጠሪያ ስማቸውን ብቻ ነጥሎ «ዞር አላለችም» ይላል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ፈልጋችሁ ብታገኙትም ከእኔ አልሰማችሁትም።

ደወልኩ። ዴጃ እያለቀሰች ነው ያነሳችው።

«ከእኔ በላይ ነው የተወሰነው፣ እትዬ። ርዕሱንማ አላሳዩኝም።»

ሴናተር የሰደብኩበት አፍ አለኝ፤ እሷን ግን አልሰደብኳትም። «አስነሺው» ብቻ አልኳት። ከሰዓት በኋላ ላይ አስነስታ በወይዘሮ ተክታዋለች። ምን ያደርጋል፤ ሰው ገጹን ፎቶ አንስቶ አዳርሶት ነበር።

ደግሞ ያዳረሱት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ሥራዬ ነው፤ እንዴት እንደምገጥማቸው አውቃለሁ። በፍቅር ነው። ሴቶች የአክስቴን ስም እየጻፉ «እኔም እሷ ነኝ» አሉ። አንዱ ካናቴራ ላይ አተመው። ስለ ፀጉሯ ስንት ጊዜ የተሟገትኩላት ዘፋኝ ስሙን ከቀይ የልብ ምልክት ጋር ለተከታዮቿ ለጠፈችው። አመሻሹ ላይ ዴልፊን ጌይንስ ራሷ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ አክስቴን በስማቸው ጠርታ፣ «ዛሬ እዚህ የቆምኩት ላንቺ ነው» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። በስሟ ጠሯት ብለን የተቆጣንላት ሴት ነች። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

የቤተ ክርስቲያናችን አስተናጋጆች ሹም እትዬ ኦፊሊያ ስትሪንገር ደወሉልኝ።

«ያንን ነገር አይቼዋለሁ» አሉኝ። «አላነበብኩትም።»

«አይተውት እንዴት አላነበቡትም?»

«ስሙ ጋ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።» ቀጥለውም፣ «ነግረሻቸዋል?» አሉኝ።

አልነገርኳቸውም ነበር። አክስቴ ኢንተርኔት የላቸውም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ተኝተዋል። ጠዋት ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እኔ ልንገራቸው ብዬ ማልጄ ተነሳሁ። መኪናዬን ሳቆም ግን ሻኒስ ቀድማኛለች። ሻኒስ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የምታጥባቸውና መድኃኒታቸውን የምትሰጣቸው ልጅ ነች። በወጥ ቤት በር ስገባ ድምጿ ከመኝታ ቤቱ ኮሪደር ተሰማኝ። ስሙን እየሳቀች፣ እያስረዘመች፣ እንደ ዘፈን ትጠራዋለች።

«እንዲህ ያለ ቆንጆ ስም ይዘሽ ነው እንዴ ስትደብቂን የኖርሽው?» ትላለች።

ተከትያት ገባሁ። አክስቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር የፈራሁት። የቁጣ ፊት አልነበረም። እንግዳ መጣ ሲሏት ቀና የምትል ሴት ፊት ነበር። ሻኒስን አዩ፣ ከኋላዋ እኔን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸው ወደ ድሮው ተመለሰ።

«ሻኒስ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?»

«እርስዎን ነዋ፣ ስልክ ላይ እኮ ሁሉም ሰው...»

«እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ፔትዌይ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ፔትዌይ።»

«አድርጌልሻለሁ። ሂጂ አንሶላዎቹን አስጪልኝ።»

ልጅቷ እንዳቀረቀረች ወጣች። እኔ ከበሩ ፈቀቅ ማለት አቃተኝ።

«አክስቴ፣ እኔ አልሰጠኋቸውም።»

«አውቃለሁ። ቃልሽን ብትበዪማ ዓይኔን ለማየት አትመጪም ነበር። ነዪ ተቀመጪ።»

«ልክሰሳቸው?»

«ተይ እባክሽ። አንቺም ደክሞሻል፣ እኔም ደክሞኛል።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ሻኒስ አንሶላውን ስታራግፍ ይታያል። አክስቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ያቺ ልጅ ስትጣራ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ?»

«ተናደዱ።»

«እሱ ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ልቤ ዘለለ። ሰው የመጣልኝ መሰለኝ።»

የአልጋ ልብሱን በእጃቸው አስተካከሉ።

«በዚያ ስም የሚጠሩኝ እናቴ፣ አባቴ፣ እናትሽና፣ በር ዘግተን ለብቻችን ስንሆን፣ አቶ ፔትዌይ ነበሩ። ለነጭ አልሰጥም ብዬ ደበቅኩት። ነጭ እንዳይሰማው ብዬ ለጎረቤት ከለከልኩት። ልጅ አፉ አያርፍም ብዬ ለአንቺም ከለከልኩሽ። እነሱ ደግሞ ተራ በተራ ሄዱ። አቶ ፔትዌይ ሆስፒታል ተኝቶ ጠራኝ፤ ከዚያ በኋላ የጠራኝ የለም። ደህና አድርጌ ደብቄው የሚያውቀው ሰው አለቀብኝ። አንዳንዴ ለራሴ እለዋለሁ። ግን ራስን መጥራት አይሆንም፣ ራሞና። የሞኝ ሥራ ነው።»

ሃያ ዓመት ስለ ክብራችን ጽፌያለሁ። ክብሩን ለማስጠበቅ ምን እንደተከፈለ ጽፌያለሁ፤ ሥራ፣ እስር፣ ደም። ይኼኛውን አላውቀውም ነበር። አጠገባቸው እየኖርኩ አላውቀውም ነበር። ለማልቀስ እንኳ አፈርኩ።

«አሁን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል» አሉ። «ግን አንድም የሚያውቀኝ ሰው የለበትም። አንቺ ጥሪኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን ቀረኝ?»

አፌን ከፈትኩ። «አክስቴ» የሚለው ወጣ። እንደገና ሞከርኩ። «ወይዘሮ» ላይ ደርሶ ቆመ።

«አልችልም።»

«ጋዜጣ ላይ ሴናተሩን ሌባ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ሌባ ስለሆነ ነዋ።»

«ይኼም ስሜ ስለሆነ ነው።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ እንባም አብሮ መጣ። እሳቸው አልሳቁም። ይጠብቃሉ።

«አንቱታውንም ተይው» አሉኝ። «እናትሽ እንደምትጠራኝ።»

እናቴ እንዴት ትጠራቸው እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ድምጿ ከጠፋኝ ቆይቷል። ይህንንም ለማንም ነግሬ አላውቅም። እጃቸውን ያዝኩ፤ መርፌ ያጎበጣቸው ጣቶች እጄ ውስጥ ደረቅና ቀላል ናቸው። ስሙን በቀስታ አልኩት። የመጀመሪያው ጥሩ አልወጣም፤ እንደ ጥያቄ ሆነብኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁኝ። ደግሜ፣ ከማዶ ክፍል እንደሚጣራ ሰው፣ ትንሽ ከፍ አድርጌ ጠራኋት።

«ወይ» አለችኝ።